አለማወቅን የተለማመደ እጅ

ባየ ቆዳ አይነካም ነበር። የመንግሥት ቡና እርሻ ውስጥ የጆንያ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ጠጉሩ እስኪሸብት ሲሠራ፣ ወገቡን የሚታጠቀው በጨርቅ ነው፤ ጫማው የጎማ ነው፤ ለበዓል በግ ሲታረድ ቆዳውን የሚገፍፍለት ጎረቤት ነው። እሱ "ወገቤን ያዘኝ" ብሎ ጥጉን ይይዛል። ሚስቱ ማናልሞሽ ደግሞ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናትና፣ "የኔ ባል ወገቡን የሚይዘው እስኪጠበስ ድረስ ነው፤ ከተጠበሰ በኋላ አንድም ቀን ይዞት አያውቅም" እያለች ሰፈሩን ታስቅበታለች። እሱም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ! ሲስቅ ነው የኖረው።

ባየ የፋቂ ልጅ ነው። ይህን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ አሥር ልጅ ብትወልድለት እንኳ ለማናልሞሽ አይነግራትም ነበር። የወለደችለት ደግሞ አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ሰርካዲስ።

አባቱ ዋሴ ይባላል። ወሎ ውስጥ፣ ከደብሩ ማዶ፣ ገደል ሥር፣ ቆዳ በእንቧይ እየዘፈዘፈ፣ እየፋቀ፣ እያለፋ፣ ቀይ እያቀለመ የኖረ ሰው ነው። የዚያ ደብር ዳዊት ሁሉ የሚቀመጥበት ማኅደር፣ ያ በትከሻ የሚንጠለጠለው የመጽሐፍ የቆዳ ቤት፣ የዋሴ እጅ ሥራ ነበር። ማኅደሩ መቅደስ ይገባል፤ ዋሴ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ከሱ ጋር ከአንድ ትሪ የሚቆርስ የለም። ልጇ የታመመባት እናት "ቡዳው በላብኝ!" እያለች በደጁ ትጮኻለች። ምኑን ይበላል? እሱ ራሱ የሚበላው አጥቶ! ግን ይህን ለማን ትነግረዋለህ?

ባየ ጢሙ ሳያቀነቅን አገር ጥሎ ወደ ቡናው ምድር ወረደ። እርሻው ላይ ሲቀጠር የአባትህ ስም ማን ነው ቢሉት በዝና የሚያውቀውን የአንድ የሸዋ ባላባት ስም ጠራ፤ አገርህስ ቢሉት ሸዋ አለ። በዚያው አፉ ዋሴን ቀበረው። በእውነት የሞተበትን ዓመት እንኳ እስከ ዛሬ አያውቅም። ሚዛን ላይ ቤንቹም፣ ሸኮውም፣ ካፋውም፣ ከላይ የመጣውም በአማርኛ እየተግባባ ይውላል። እዚህም የሚናቅ ሰው አይጠፋም፤ እግዜር ይይለት። የባየን አጥንት የሚቆጥር ግን አልነበረምና አገሩ ሆነለት።

እርሻው ወደ ግል ሲዛወር ባየ በጡረታ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ሥራው ዝናብ ማየት ሆነ። የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መጣሁ ካለ ሂድ የሚለው የለም። ባየ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከማናልሞሽ ዶሮዎች ጋር ይጣላል። ልጁ ሰርካዲስ፣ አማን ላይ አስተማሪ ናት፣ አንጀቷ አልችል አለ። ለምትወደው ለብሩክ፣ "አባዬ በቁሙ እየሞተ ነው" ብላ ነገረችው።

ብሩክ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ደግ ልጅ። ደግነቱ ነው ጉድ ያመጣው። ለስብሰባ አዲስ አበባ ወጥቶ ሲመለስ አንዲት የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣ። ውስጧ ትንሽ የእንጨት መዶሻ፣ ጫፋቸው ቅጠልና አበባ የሆኑ የብረት ማተሚያዎች፣ ቢላ፣ ወስፌ፣ መርፌ፣ ቡራቡሬ የሆነ የሥዕል መጽሐፍ፣ ቀይና ጥቁር ቡናማም ቀለም በትንንሽ ጠርሙስ፣ እንዲሁም መዳፍ መዳፍ የሚያካክሉ የለፉ ቆዳዎች ነበሩ።

"ቆዳ ማስጌጫ ነው፣ ጋሼ። ለጊዜ ማሳለፊያ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። የሠለጠነው ዓለም ጡረተኛ በዚህ ነው አሉ የሚዝናናው።"

ክዳኑ ሲከፈት የቆዳው ሽታ ወጣ። ባየ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። የጠሉት ይወርሳል፣ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? በስንት ተራራና በስንት ወንዝ ያመለጠው ሽታ፣ አማቹ ሊሆን ባለው ልጅ እጅ፣ በስጦታ ተጠቅልሎ ቤቱ ገባ። ውሰድልኝ ሊል ነበር። ሰርካዲስ ዓይኗን አብርታ ታየዋለች።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

እንግዲህ ባየ መለማመድ ጀመረ። የተለማመደው ግን ሙያውን አይደለም፤ ሙያውን ከማናልሞሽ ጋር ሳይተዋወቅ ነው ያወቀው። የተለማመደው አለማወቅን ነበር። ሰው ፊት ሲሆን መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ ወስፌውን በሥዕሉ ላይ እንዳለው በሦስት ጣቱ ይይዛል፤ ልክ እንደ ማንኪያ። ቆዳውን ውኃ አንጠፍጥፎ ሳያበቃ ማተሚያውን ይመታበታል፤ አበባው ይዝረከረካል። ቀለሙን ከነጠርሙሱ ይደፋበታል፤ ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ማናልሞሽ የመጀመሪያውን አበባ አንሥታ ወዲህ ወዲያ አገላብጣ አየችውና፣ "ይሄ ምንድን ነው? ላም የረገጠችው ቲማቲም?" አለች። ሰርካዲስ እስክትወድቅ ሳቀች። ባየም ሳቀ።

ማናልሞሽ ገበያ፣ ሰርካዲስ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግን በሩን ይሸጉራል። ጫማውን ያወልቃል። ቆዳውን በእግሩ ጣቶች ይነክስና ይወጥረዋል። ውኃውን ካጠጣው በኋላ ይተወዋል፤ የቆዳው ፊት ገርጥቶ ወደ ቀለሙ ሲመለስ ጉንጩ ላይ ይለጥፈዋል፤ ቅዝቃዜው ሲስማማው ያን ጊዜ ነው የሚመታው፤ በስሱ፣ አንዴ። ቀለሙን በጨርቅ ጫፍ ነክሮ እያዞረ ያስገባዋል፤ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይደግማል። ማንም አላስተማረውም፤ ማለት አንድ ሰው አስተምሮታል። ቀዩ እንደ ምሥራቅ ሰማይ እኩል ሆኖ ሲወጣ ባየ ብቻውን ይስቃል፤ ቆይቶ ደግሞ ያለቅሳል። በዕድሜው እንዲህ የወደደው ነገር የለም። የመጋዘን ቁልፍ ተሸክሞ ያለፈው ዕድሜ ሁሉ ለምን አለፈ? የሰው ልጅ የተፈጠረለትን ነገር በሽምግልናው አግኝቶ፣ ያውም ተደብቆ፣ እንደ ሌባ!

ጥሩ የሆነውን ቆራርጦ ሽንት ቤት ይከተዋል። የተበላሸውን መስኮት ላይ ይደረድረዋል።

በዚህ መካከል የጋብቻው ነገር መጣ። የብሩክ አባት አቶ ከፈለኝ አማን ላይ የታወቁ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ጠዋት ዳዊታቸውን ሳይደግሙ ውኃ የማይቀምሱ፣ አጥንት ቆጣሪ። ልጃቸው ሽማግሌ ልላክ ቢላቸው፣ "የልጅቷ አባት የማን ዘር ነው? ከጆንያ መጋዘን በፊት የት ነበር?" አሉት። ብሩክ ይህን ለሰርካዲስ ነገራት፤ ሰርካዲስ እያለቀሰች ለአባቷ። ባየም እንደ ዘበት፣ "እሳቸውስ አገራቸው የት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ስትነግረው የሰማው የገዛ አገሩን ነው። ከደብሩ ወዲህ ማዶ። እሱ ከተወለደበት ገደል ላይ ሆነህ የከፈለኝን አባት ጎጆ ጭስ ታየዋለህ።

ባየ በዚያ ቀን እራት አልበላም። ልጁ ያለ ብሩክ እንደማትሆን ያውቃል፤ አንዴ ተጣልተው ሳለ እንዴት እንደከሳች አይቷታል። ፋቂ የሚለው ቃል ከፈለኝ ጆሮ ከገባ ሠርግ የለም፤ ሠርግ ብቻ አይደለም፣ ሰርካዲስን ከላይ ከመጣው ሰው ቤት የሚያስገባት አይኖርም። ስለዚህ ሽማግሎቹ መጥተው ዘር ሲቆጥሩ የባላባቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ደረደረላቸው። በቃል ያጠናው ነው። እንደ ዳዊት።

ነገሩ ሰመረ። አቶ ከፈለኝ ራሳቸው መጥተው ቤቱን ሊያዩ፣ ቃል ሊያስሩ ቀን ቆረጡ። ያን ጊዜ ነው ያ ደግ ልጅ ደግሞ ሌላ ደግነት ያሰበው።

"ጋሼ፣ የአባቴ ዳዊት ማኅደሩ በዚህ እርጥበት ሻግቶ ተበልቷል። በሰው ፊት ለማውጣት ያፍራሉ። እርስዎ ቢሠሩላቸው እኮ ልባቸው ባንዴ ነው የሚገባልዎት! ቆዳውን እኔ ከጅማ አስመጣለሁ።"

ባየ፣ "ኧረ እኔ የት አውቄ!" አለ። እጁን ከጋቢው ውስጥ ከተተ።

"አባዬ፣ ቢንሻፈፍ ምን አለበት?" አለች ሰርካዲስ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ። "ለኔ ስትል። ልብህን ያዩልሃል።"

ባየ አሰበ፦ አበላሽቼ እሠራዋለሁ። እንደ ቲማቲሙ። ሽማግሌው ይስቃሉ፣ ነገሩ ያልፋል።

ልኩን ብሩክ በክር ለክቶ አመጣለት። ባየ በሩን ሸጎረና ተቀመጠ። ሊያበላሸው ቢላውን አነሣ። አልቻለም። ዳዊት ነው የሚገባበት! ይህን የአባቱ እጅ ቆሻሻ አድርጎ ሠርቶት አያውቅም፤ ከቅጥር ውጭ አቁመውት እንኳ። ጠርዙን ጠማማ አድርጎ ሊቆርጥ ሲል እጁ አቀናው። ቀለሙን ሊያዝረከርክ ሲል እጁ በጨርቅ እያዞረ አስገባው። ክዳኑ ላይ መስቀል፣ በዙሪያው የቡና ቅጠል አተመ። ሲጨርስ የማንገቻውን ጠፍር ከማኅደሩ ሆድ ጋር አሰረው። አስሮ ሲያይ ደነገጠ።

የዋሴን ቋጠሮ ነበር ያሰረው። ጠፍሩ በራሱ ውስጥ እየገባ ሦስት ጊዜ ይዞርና ጫፉ ይጠፋል፤ ከየት ጀምሮ የት እንዳለቀ አይታይም። ይህን ከዋሴ ሌላ ማንም አያስረውም ነበር። ባየ ቢላውን አነሣ፤ ቋጠሮውን በጥሶ በተራ ስፌት ሊተካው። በቢላው ጫፍ ነካው። ተወው። ብቆርጠው ቆዳው ይቀደዳል አለ ለራሱ። ውሸቱን ነው፤ ቆዳው አይቀደድም ነበር። አይ ባየ! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አንድ ብቻ፣ በዓለም ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ ከነእውነቱ ይቅርልኝ ብሎ ተመኘ። ይህ ምኞት ለሌላው ሰው ምንም አይደል።

ቀኑ ደረሰ። አቶ ከፈለኝ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። በሉ፣ ጠጡ፤ ማናልሞሽ አሳቀቻቸው። ብሩክ ማኅደሩን አምጥቶ አባቱ ጉልበት ላይ አኖረው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። ዳዊታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከተቱት፤ ልክክ አለ።

"እጅዎ ይባረክ፣ አቶ ባየ! ሰው በጡረታው እንዲህ ይማራል?"

ባየ ደስ አለው። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፤ ያን ሰዓት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ደስ አለው። የከፈለኝ አውራ ጣት በጠፍሩ ላይ ወረደ፤ ቋጠሮው ጋ ደረሰና ቆመ። ወዲህ ፈለገ፣ ወዲያ ፈለገ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ይሄን ቋጠሮ ማን አሳየዎት?"

"ከዕቃው ጋር መጽሐፍ አለ እኮ አባዬ" አለ ብሩክ። "ከሥዕሉ እያዩ ነው።"

"አንተ ዝም በል። ይሄ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። የአባቴ ማኅደር ነው እንዲህ የታሰረው፤ ልጅ ሆኜ ጫፉን ስፈልግ ነው ያደግሁት። በአገራችን ይሄን የሚያስር ቤት አንድ ብቻ ነው።" ማኅደሩን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት አኖሩት። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "ሸዋ ነኝ ብለዋል። የማን ልጅ ነዎት፣ አቶ ባየ?"

ሰርካዲስ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች ቆማለች። ነገሩ አልገባትም፤ የገባት ብሩክ ከእጇ ሊወጣ መሆኑ ብቻ ነው፤ ከንፈሯ ደም የለውም። ባየ የአባቱ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የዋሴ ልጅ ነኝ፣ እጁም የሱ ነው ማለት ብቻ ነው የቀረው። ልጁን አየ።

ከዚያ ሳቀ። ጭኑን መትቶ ሳቀ።

"ዋሴን ነዋ የሚሉኝ! ፋቂው ዋሴን! ኧረ እሱን ማን ይረሳዋል? ልጅ ሆኜ አጎቴ ዘንድ ወሎ ከርሜ ነበር። ደጁ ሄደን ተደብቀን ስናይ እንውላለን። ሽታው እኮ ከሱ ቀድሞ ነው ገበያ የሚደርሰው! ዝንቡ እንደ አጃቢ ከኋላ..."

የከፈለኝ ግንባር በጥቂቱ ተፈታ። በጥቂቱ ብቻ፤ ዓይናቸው ገና ባየ ላይ ነው። ባየ አየው። አልበቃም ማለት ነው። ተነሣ።

ዋሴ ግራ እግሩ ስብራት ነበር። ለደብሩ ከበሮ የሚሆን የበሬ ቆዳ ተሸክሞ ሲሄድ ገደል ወድቆ ነው፤ ወጌሻ የሚነካው አጥቶ እንዲሁ ጠሞ ቀረ። ከዚያ ወዲያ እየጎተተው ሄደ፣ በየሦስት እርምጃው እያቃሰተ። ባየ በእንግዶቹ መካከል ጎንበስ አለ፤ ጀርባውን አጎበጠ፤ ግራ እግሩን መሬት ለመሬት ጎተተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አቃሰተ። የአባቱን ድምፅ አወጣው፤ እንዲያውም ራሱ እስኪገርመው ድረስ ያው ድምፅ ነበር።

"ዋሴ!" አሉ ከፈለኝ። "ራሱ! በናታችሁ፣ ራሱ ዋሴ!" ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሽማግሎቹ ሳቁ። ማናልሞሽ ሻሿ እስኪፈታ ሳቀች። ሰርካዲስም፣ ደም ፊቷ ላይ ተመለሰና፣ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

"እኛ እኮ ከኋላው ተሰልፈን እንዲሁ እናነክስ ነበር" አሉ ከፈለኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ድንጋይም እንልበት ነበር፤ ልጅነት አይደል። ልጅም ነበረው መሰለኝ። አንድ ከሲታ ልጅ፤ ድንጋይ ሲመጣ አባቱን የሚጋርድ። ምን ደረሰ እሱ?"

"ሞተ" አለ ባየ።

"ነፍስ ይማር።" ማኅደሩን ከመሬት አነሡና ቢላ ጠየቁ። ቋጠሮውን ራሳቸው ቆረጡት፤ ቆዳው አልተቀደደም። "ይሄን ብሩክ በቁልፍ ያሲዝልኛል። አቶ ባየ፣ አይቀየሙኝ፣ እርስዎ የጨዋ ልጅ ነዎት፤ እንዲህ ያለውን ነገር በጨዋታም ቢሆን እጅዎን አያስለምዱት። ሰው ነገር ያገኛል።"

ቃሉ በዚያው ታሰረ። እልል ተባለ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሰርካዲስ ሳጥኗን አንሥታ መዶሻውንም፣ ማተሚያውንም፣ መስኮት ላይ የተደረደረውንም ብልሽት ሁሉ ከተተችበት። "ትምህርት ቤት እወስደዋለሁ፣ ልጆቹ ይጫወቱበት" አለች። ቀጥላም አባቷን ጉንጩን ሳመችው፤ ያን ቆዳ የሚለጥፍበትን ጉንጭ።

"ለካ እንዲህ ታስቃለህ፣ አባዬ! ለአፍታ እኮ ነፍሴ ወጥታ ነበር። የፋቂ ልጅ ሊያደርጉኝ!" ትከሻዋን ነዘራት። "እህህ... ስለው ራሱ ይቀፈኛል።"

"ይሰውርሽ" አላት ባየ።

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆነ። አማን ላይ፣ በከፈለኝ ግቢ፣ ሰፊ ዳስ ተጣለ። ከሸኮም፣ ከቴፒም ሰው መጣ። ሙሽሮቹ ገብተው፣ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ዘፈኑ ጋብ ሲል አቶ ከፈለኝ ማይክራፎኑን ያዙ። በልጃቸው አማት ኮርተዋል። እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ ሰው በዘመናቸው አላዩም።

"አቶ ባየ፣ እስቲ ዋሴን ያሳዩልን!"

ባየ እጁን አወናጨፈ፤ አሞኛል አለ፤ ወገቤን አለ። ማን ሰምቶት! ማናልሞሽ፣ "ሥጋው ተበልቷል እኮ፣ አሁን ደግሞ ምን ወገብ አለህ!" ብላ ከወንበሩ ገፋችው። ዳሱ ሁሉ ማጨብጨብ ጀመረ። "ዋሴ! ዋሴ! ዋሴ!" የአባቱ ስም ይህን ያህል ሰው አፍ ላይ አንድ ጊዜ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

ባየ ጋቢውን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት። ጎንበስ አለ። እግሩን ጎተተ፣ አቃሰተ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ልጆች ከኋላው ተሰልፈው እግራቸውን እየጎተቱ ተከተሉት። ሰርካዲስ በነጭ ቀሚሷ ብድግ ብላ፣ ዓይኗ በሳቅ እንባ ሞልቶ፣ ሁለት እጇን ወደሱ ዘረጋች።

"አባዬ፣ በሞቴ! አንዴ ብቻ ድገመው!"

ደገመላት።